ባሕር ዳር ባለ የጃፓን ትምህርት ቤት የፈራሁት ሁሉ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ሐምሌ መጨረሻ፣ ገና ሳይነጋ

አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ የአፓርትማችንን ደረጃ ሲወርድ፣ ጎረቤት እንዳይነቃ በእግሩ ጣት ነበር የሚራመደው። እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ተከተለችን። የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍቷን ጨርሳ ቤት ሳትገባ መምጣቷ ነው። ኦሮራ በዚህ ሰዓት ደስ ትላለች። ሙቀቱ አልተነሣም፤ የሣር ማጠጫዎቹ ይንሿሿሉ፤ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት ሰዎች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። 

የምሄደው ጃፓን ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ረዳት አስተማሪ ልሆን። ይህን የሰማ ሁሉ «ጎበዝ!» ይለኛል። ወደ ኦሮራ የመጣሁት ግን በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍል ውስጥ ቃል ሳልተነፍስ ነው ያሳለፍኩት። ዛሬም ስደነግጥ እንግሊዝኛዬ ከአፌ ይሸሻል። «ለመሆኑ አንቺ የማንን እንግሊዝኛ ነው የምታስተምሪው?» የሚለኝ ሰው አንድ ቀን ከፊቴ እንደሚቆም እርግጠኛ ነበርኩ።

ወደ ኤርፖርት የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ደረቅ ሜዳ ነው። በመኪናው የኋላ ማሳያ መስታወት ተራሮቹ ሮዝ መስለው ይታያሉ።

«ሜሪ፣ ፓስፖርትሽን ይዘሻል?» አለ አባዬ እንደገና።

«ይዣለሁ አባዬ።»

«የዚያ አገር መሬት ይንቀጠቀጣል ይባላል» አለች እማዬ ከኋላ ወንበር።

«ሁልጊዜ እኮ አይደለም፣ እማ።»

«ሁልጊዜ መች አልኩ? አንዴ ይበቃል።»

አባቴ ዳውንታውን ዴንቨር በሚገኝ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። መኪና ማቆም እንደሱ የሚችልበት ሰው አላውቅም። ያን ቀን ግን የኤርፖርቱ በር ላይ ፓርክ ሲያደርግ ጎማውን የእግረኛ መንገዱ ላይ አወጣው። 

ጃፓን፣ የመስከረም መጀመሪያ

ከቶኪዮ በፈጣን ባቡር፣ ቀጥሎ በትልቅ አውቶቡስ፣ በመጨረሻም ሁለት ፉርጎ ብቻ ባላት ባቡር የዓሣ አጥማጆቹ ከተማ ደረስኩ። መንገዱ ዳር የዓሣ መረብ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አየሩ የባሕር ሣርና የናፍጣ ሽታ አለው። በየመብራት ምሰሶው ላይ ሰማያዊ ምልክት አለ፤ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ምን እንደሆነ ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት የመጣው የሱናሚ ውሃ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። አጠገቡ ቆምኩ። ምልክቱ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጫማ አውልቄ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አደረግኩ። ምሳ የሚበላው ከልጆቹ ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚያከፋፍሉትም ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ተማሪዎች ናቸው። ሩዝ፣ ሾርባ፣ ዓይኑ ሳይወጣ የተጠበሰ ዓሣ። ከዚያ ሁሉም ጨርቅ ይዞ ተንበርክኮ ወለሉን ይወለውላል፤ የጽዳት ሠራተኛ የሚባል የለም።

የማስተምረው ከሞሪታ ሰንሰይ ጋር ነው፤ ሰንሰይ ማለት መምህር ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ድምፃቸው ሁለተኛውን ረድፍ የማያልፍ ሴት ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ስሜን ነግሬ ከኮሎራዶ እንደመጣሁ አወራሁ።  አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«አሜሪካዊት ነሽ?»

«አዎ።»

«ግን…» አለና ፊቴንና ፀጉሬን አይቶ ተቀመጠ።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ደወሉ ሲደወል ሞሪታ ሰንሰይ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ልጁ የጠየቀኝን ሊያነሡ መስሎኝ ነበር። በጣም በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጡ በእንግሊዝኛ አናገሩኝ።

«አንድ ልለምንሽ። ስሳሳት በልጆቹ ፊት አታርሚኝ። ከአንቺ በፊት የነበረው ረዳት ያርመኝ ነበር፤ ልጆቹ ይሥቁ ነበር።»

 «እኔም እኮ እፈራለሁ» አልኳቸው። «ስደነግጥ ቋንቋው ይጠፋብኛል።»

«አንቺ? እንግሊዝኛ?»

«እኔ። እንግሊዝኛ።»

አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሣቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ ላይ እሳቸው ያስቀመጡት መንደሪን ይጠብቀኛል። ስንጨነቅ አንዳችን የሌላችንን ዐረፍተ ነገር እንጨርሳለን። በዚህ ዓይነት ሁለት ወር ሄደ። መሬቱ አልፎ አልፎ ትንሽ ይወዛወዛል፤ መምህራኑ ሻይ መጠጣታቸውን አያቋርጡም፤ እኔ ግን ሌሊቱን ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አድር ነበር።

ኅዳር፣ ከምሳ በኋላ

ወለሉ ተወልውሎ ሳይደርቅ፣ ቁጥር ልናስተምር ስንዘጋጅ፣ በኪሴ ያለው ስልክ ጮኸ። የደወል ድምፅ አይደለም፤ አጥንት ውስጥ የሚገባ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ጩኸት ነው። እኔ ነገሩ እስኪገባኝ ልጆቹ ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ገብተዋል።

ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ሕንጻው እንደ ጀልባ ዘመመ፤ መስኮቶቹ ተንገጫገጩ፤ መደርደሪያው ፊት ለፊቴ ወደቀ። እኔ እንደቆምኩ ደርቄ ቀረሁ። ሞሪታ ሰንሰይ የቀሚሴን ጫፍ ይዘው ቁልቁል ጎተቱኝ። እንደዚያ የረዘመ ደቂቃ አላውቅም። እያለቀ ነው ስል ይብስበት ነበር።

ሲቆም የከተማዋ ድምፅ ማጉያዎች መጮኽ ጀመሩ። ከሚሉት ውስጥ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሱናሚ።

ያኔ ሞሪታ ሰንሰይ ጮኹ። ያ ሁለተኛውን ረድፍ የማያልፈው ድምፅ ግድግዳውን መታው። ልጆቹ ተሰለፉ። ወደ እኔ ዞረው በእንግሊዝኛ፣ ሳይንተባተቡ፣ «አንቺ ከኋላ ሁኚ። ማንም እንዳይቀር። ወደ ባሕሩ አትዪ» አሉኝ።

በነጠላ ጫማ ሮጥን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ አለ፤ ጫፉ ላይ ቤተ መቅደስ፣ ወደሱ የሚወጣ ዳገታም የድንጋይ ደረጃ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ወደቀች፤ አንሥቼ ገፋኋት።  አትዪ የተባልኩትንም ዞሬ አየሁ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው።

ላይ ስንደርስ ቆጠርን። አንድ ልጅ ጎደለ። ደግመን ቆጠርን። አያ የምትባል ልጅ የለችም። ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀር የተባልኩት እኔ ነኝ።

ወደ ደረጃው ሮጥኩ። ሞሪታ ሰንሰይ ክንዴን ያዙ።

«ልጅቷ ታች ናት! ልቀቁኝ! ልጅቷ ታች ናት!»

የጮኽኩት በአማርኛ ነበር። እሳቸው ግን ገባቸው።

«ማንም አይመለስም» አሉ። «ማንም።» ክንዴን አልለቀቁም።

ውሃው መጣ። ፊልም ላይ እንደማየው ዓይነት ግድግዳ አልነበረም። ባሕሩ ዝም ብሎ አበጠ፤ ወደቡን ሞላ፤ ጀልባዎቹን ከፍ አድርጎ እርስ በርስ አላተማቸው፤ የዓሣ ገበያውን ወለል ጥቁር ውሃ አለበሰው። እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። ልጆቹ አላለቀሱም፤ ቁልቁል ያያሉ። እኔ የአያን ስም በልቤ እየጠራሁ ነው።

ብርድ ሲገባን፣ በጫካው በኩል ባለው ሌላ መንገድ የትምህርት ቤቱ ነርስ መጡ። በእጃቸው አያን ይዘዋል። በጽዳቱ ሰዓት ራሷን አሟት፣ ሳናውቅ እሳቸው ክፍል ተኝታ ስለነበረች በዚያ በኩል ይዘዋት ወጥተው፣ ከሌላ ክፍል ልጆች ጋር ቆይተዋል። ሞሪታ ሰንሰይ ልጅቷን አዩ፤ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ነርሷን አመሰገኑ፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። መነሣት አቃታቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የጣታቸው ምልክት ክንዴ ላይ ብዙ ቀን ቆየ።

ኦሮራና ዴንቨር፣ የፈረንጆች ገና ሰሞን

ለዕረፍት ስመለስ ዴንቨር በረዶ ጥሏል። እማዬ አቅፋኝ፣ ትከሻዬን፣ ፊቴን፣ እጄን ዳሰሰች፤ የጎደለ ነገር የምትፈልግ ትመስል ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ «በቃ» አለች። «እግዚአብሔር አንዴ መለሰሽ። አትፈታተኚው።»  ቤት ጫማዬን አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ነው የምተኛው። ማቀዝቀዣው ድምፅ ሲያሰማ እነሣለሁ።

እማዬ ሥራ በገባችበት ቀን ብቻዬን መቅረት አልቻልኩም፤ አባቴን ተከትዬ ዳውንታውን ሄድኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍሉ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ አንድ ትልቅ መኪና ከላያችን ባለው ፎቅ አለፈ። ኮንክሪቱ ተንቀጠቀጠ።

ልብ ስል ጠረጴዛው ሥር ነኝ። ጭንቅላቴን በክንዴ ሸፍኛለሁ።

አባዬ «መኪና ነው እኮ» አላለኝም። ተንበረከከ፤ ከዚያ ያንን ሰፊ ትከሻውን እያጠበበ፣ እየተነፈሰ፣ አጠገቤ ገባ።  ውጭ አንድ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ፤ ቀጥሎ መስታወቱን አንኳኳ። አባቴ እጁን ብቻ ከጠረጴዛው በላይ አውጥቶ በዚያ በማያፍርበት እንግሊዝኛው «ዋን ሚኒት፣ ፕሊስ!» አለው።

«ትመለሻለሽ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«እፈራለሁ፣ አባዬ።»

«እሱንማ እያየሁ ነው። የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።»

ሞሪታ ሰንሰይ ከፊት እየመሩ፣ ከኋላ ማንም ሳይኖር ደረጃውን ሲወጡ ታየኝ።

«እመለሳለሁ» አልኩት።

 ከዚያ ጠረጴዛውን ይዞ እያቃሰተ መነሣት ጀመረ።

«እንግዲያው ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት» አለኝ። «እኔ የምፈራው እሷን ነው።»