ሐያት ዋሽታለች ተብሎ የተፈረመው ወረቀት

ባለፈው ግንቦት የመጀመሪያው ሰኞ፣ ገርጂ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ የራሷን ሐሳብ «የእኔ ነው» በማለቷ ዋሽተሻል ተብላ የይቅርታ ወረቀት ፈረመች። ያስፈረመቻት ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ የነበረች ሴት ናት። መንገዱን የጠረግሁላት ግን እኔ ነኝ፤ ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። የሁለቱንም ስም ቀይሬያለሁ። ልጅቷን ሐያት፣ ጓደኛዬን ጸዳለ ብያቸዋለሁ።

የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ልጆች አዲስ ሐሳብ የሚያፈልቁት በምን ሁኔታ ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጸዳለ የትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህርት ነበረች። ዘወትር ጠዋት ከመገናኛ በአንድ ሚኒባስ እንመጣ ነበር።

ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሐሳብ ሰዓታችን ነበር። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ የመጣላቸውን ሁሉ ይናገራሉ፤ ደወል እስኪደወል ማንም የማንንም ሐሳብ አይተችም። የማንም ስም አይጻፍም። «ሰሌዳ ላይ የወጣ ሐሳብ የክፍሉ ነው፤ ባለቤት የለውም» እላቸው ነበር። ደንቡን ያወጣሁት ዓይን አፋሮቹን ለማናገር ነው።

የካቲት ላይ «አውሮፕላን ሲያልፍ ምን እናድርግ?» ብዬ ጻፍሁ። ትምህርት ቤታችን አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ በሚሉበት መስመር ሥር ስለሆነ፣ በየክፍለ ጊዜው ድምፄ ይዋጣል።

«ቲቸር፣ ፓይለቱን በሌላ በኩል ዙር እንበለው!» አለ አንዱ።

«ደውልለታ! ቁጥሩ አለህ አይደል?» አለችው ከኋላው የተቀመጠችው።

ሳቁ። የፓይለቱንም ጻፍሁት።

ከዚያ ሐያት እጇን አወጣች። አባቷ ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ የወሎ ሰው ናቸው። መስከረም ላይ ከገባች ጀምሮ ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም ነበር።

«ድምፁ ሲመጣ ሁላችንም ያልገባንን በቁራጭ ወረቀት እንጻፍ» አለች። «ሁሉም ሲጽፍ ማን ምን እንዳልገባው አይታወቅም። ሲያልፍ እርስዎ ይሰብስቡት።»

በማግስቱ ሞከርነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ገብቷቸዋል ብዬ ያለፍኋቸው ልጆች ምን ያህል እንዳልገባቸው አየሁ። ለጸዳለ በደስታ ነገርኋት፤ የማን ሐሳብ እንደሆነም ጭምር።

«ያቺ ዝምተኛዋ? አትዪኝ!» ብላ ሳቀች። የሰሌዳውን ሐሳቦች የምገለብጥበትን ማስታወሻ ደብተሬን «አንብቤ ልመልስልሽ» አለችኝ፤ ሰጠኋት።

በዚያ የግንቦት ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ የትምህርት ቤቱ ባለቤት «ምክትላችን ያፈለቀችው የቁራጭ ወረቀት ዘዴ» በሁሉም ክፍሎች ሥራ ላይ እንደሚውል አስታወቁ። በመስከረም ርእሰ መምህርት እንደምትሆንም ጨመሩ። ሐያት ከሰልፉ መካከል «የእኔ ነው እኮ!» አለች። ፈገግ ብላ ነበር። የተረሳ ነገር ያስታወሰች ነው የመሰላት።

እኔ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ ወደ ክፍል ገባሁ። በኋላ እናገራለሁ አልሁ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ አልሸሽገውም።

በእረፍት ሰዓት ጸዳለ ቢሮ ስደርስ ሐያት ፈርማ ወጥታለች። አባቷ ተጠርተው መጥተው በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«መምህርት፣ ልጄ ዋሽታ አታውቅም፤ ወላሂ» አሉኝ። «ግን የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። ዋሸች ካላችሁ እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«አልዋሸችም» አልኋቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ ይህ የእኛ የሥራ ጉዳይ ነው» አለቻቸው ጸዳለ። ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም። «ስሟ የት ተጽፏል? አሳዪኝ። ባለቤት የለውም ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እኔ ባዶ ቤት ነው የገባሁት።» ቀጥላም «ደግሞ ተይው በናትሽ፤ ልጅ ናት፤ ትረሳዋለች» አለችኝ።

ደብተሬን ከጠረጴዛዋ ላይ አንሥቼ ገለጥሁት። የዚያ ዕለት ሐሳቦች በሙሉ በእጅ ጽሑፌ ሰፍረዋል። አንድም ስም የለም።

ለትምህርት ቤቱ ባለቤት በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ምስክር አምጪ ተባልሁ። ሐሙስ ክፍሉን «ያንን ሐሳብ ያቀረበው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ያውቃሉ። ስለ ወረቀቱም ሰምተዋል። አንድም እጅ አልወጣም። ሐያት ራሷ ጠረጴዛዋን ታያለች። የሐሳብ ሰዓታችን በዚያ ቀን አበቃ፤ ማንም አልከለከለኝም፤ የሚናገር ልጅ ስላጣሁ ነው።

ሐያት አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። ስትጠየቅ በአንድ ቃል ትመልሳለች፤ እጇን አታወጣም። ወረቀቱ ማኅደሯ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት ብትቀይርም አብሯት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከመገናኛ የምነሣው ከጸዳለ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው። ቁጣዬ በርዷል፤ የቀረው ከቁጣ የሚከፋ ይመስለኛል። በልጆች ላይ ያወጣሁትን ደንብ በጎ ነው ብዬ ለዓመታት ተከላክዬለታለሁ፤ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

ጸዳለ፣ ይህን ዓምድ እንደምታነቢ አውቃለሁ። ስለ ሹመትሽም ስለ ጓደኝነታችንም አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም በፊርማሽ አስደግፈሽ ለአባቷ እንድትሰጪ እፈልጋለሁ። ያንን ወረቀት ለሐያት አቅርበሽ ፈርሚ ስትያት፣ እውነቷን እንደተናገረች ታውቂ ነበር? አዎ ወይስ አይደለም?