ከላይ ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ

ትናንት ባለቤቴን ሀብቴን “የበሰለ ቲማቲም ይዘህ ና” ብዬ ብልከው፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ጥሬ አረንጓዴ ይዞልኝ ከተፍ አለ። ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ሲፈጥረው ነው። ልቆጣው ስል ሳቄ ቀደመኝ፤ አባቴ ትዝ አሉኝ።

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ባሕር ተሻግረው እዚህ ኦሮራ ከተማ ሲመጡ ሥራ ፈቶ መቀመጡ ሊገድላቸው ስለነበር፣ ቻምበርስ ሮድ የተከራየነው አፓርትማ ጋራዥ ውስጥ የሽመና ዕቃቸውን በጣውላ ሠሩ። እኔ ያኔ ልጅ እግር ነኝ። ታክሲ የሚነዳው ሀብቴ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ፣ አባቴ “ልጁ ራሱ ቅዳሜ ይምጣና አብሮኝ ድር ያድራ። ሰው የሚታወቀው ሥራ ላይ ነው” አሉ።

ጉድ ፈላ! የዓይኑን ምስጢር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ድር በቁመት የሚዘረጋው ክር ነው። ጥለቱ ግራና ቀኙ እኩል እንዲወጣ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብለህ ከጀመርክ፣ መሃሉን በነጭ ሞልተህ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብለህ ትጨርሳለህ። እዚህ ላይ ከተሳሳትክ ጋቢው ከነነፍሱ ተበላሸ።

ቀኑ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ የሚጥልበት የሚያዝያ ቅዳሜ ነበር። ጋራዡ ቤንዚንና አዲስ ጥጥ ይሸታል። ሀብቴ ክሩን ይዞ ድሩ በሚዘረጋባቸው ችካሎች መሃል ይመላለሳል። መጀመሪያውን አባቴ ቀለሙን እያቀበሉት ሄደለት። ነጩ አልቆ “በል አሁን ራስህ ቀጥል” ሲሉት ግን እጁ ቀዩ ላይ ሄደ፣ አረንጓዴው ላይ ተመለሰ። እየሳልኩ ልጠቁመው ሞከርኩ።

“አንቺ፣ ጉሮሮሽን ምን ነካው?” አሉኝ አባቴ።

ሀብቴ እጁን ሰበሰበ። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀይና አረንጓዴ አልለይም።”

“ታዲያ ልጄን ጭነህ እንዴት ነው የምትነዳው?”

“መብራቱን በቦታው ነው የማውቀው። ከላይ ያለው ሲበራ እቆማለሁ።”

አለቀልኝ፣ ቆሜ ልቀር ነው አልኩ። አባቴ ግን ጎንበስ ብለው የክር ልቃቂቶቹን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ፤ ከላይ ቀዩን፣ መሃል ቢጫውን፣ ከታች አረንጓዴውን።

“ወደ ነጩ ስትገባ ከላይ ወደ ታች፣ ከነጩ ስትወጣ ከታች ወደ ላይ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አንተ አልደበቅክም።” ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ግን ደብቀሻል። ሂጂ ሻይ አፍዪ!”

ተጋባን። ዓመታት አልፈው አባቴ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ፤ ሥራቸውን ግን እምቢ አልተውም አሉ። ጠዋት ልቃቂቶቹን በቦታ በቦታቸው ደርድሬ ሥራ እሄዳለሁ። ስመለስ፣ ማየት የተሳናቸው አባቴና ቀለም የማይለየው ባሌ እየተነታረኩ ድር ሲያደሩ አገኛቸዋለሁ። የመጨረሻውን ጋቢ የሠሩት እንዲያ ነው።

አባቴ ካረፉ ቆዩ። ብርድ ሲመጣ ያን ጋቢ ስደርብ በጣም ይናፍቁኛል። ሁለቱን ጠርዝ አጋጥሜ አየዋለሁ፤ አንድ ክር አልተዛነፈም። ሀብቴ “ያምራል?” ይለኛል፣ ሁልጊዜ። ያምራል እለዋለሁ። ከሠሩት ከሁለቱ አንዳቸውም ቀለሙን አላዩትም። እኔ አይላቸዋለሁ።