ክሩን የያዘው እጅ

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «መርፌው» ይለዋል፤ ለሙያው ነው ቢሉም ለቅጥነቱ ይመስለኛል። ዕድሜ ልኩን የሰው ትከሻ ሲለካ ኖሮ፣ እሱ ራሱ ልኩ የሆነ ኮት ለብሶ አይቼው አላውቅም። ከስፌት ሌላ የሚያውቀው ደስታ እሑድ እሑድ ሚስቱን ተከትሎ ሐይቅ መውረድ ነበር። ዓሣ የምታጠምደው እሷ ናት፤ የእሱ ሥራ ትሉን መንጠቆው ላይ መሰካትና ዝም ማለት ነው።

ከዚያ ዓይኗ ደከመ። መጀመሪያ ተንሳፋፊው ቡሽ ጠፋባት፤ ቀጥሎ ውሃው ራሱ። የማጥመጃ ዘንጓን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወሽቃ «በቃኝ፤ የማላየውን ምን እጠብቃለሁ?» አለች። ከዚያ ወዲህ መስኮት ዳር ተቀምጣ ዝም። መርፌው ይህኛው ዝምታ የሐይቁ ዳር ዝምታ እንዳልሆነ ነገረኝ። ገባኝ። ያኛው ይጠብቃል፤ ይህኛው መጠበቅ ትቷል።

«ዓሣው ሲነካው በእጅ የሚሰማ ዘንግ ካገኘሁላት ዓይን ምን ያደርግላታል?» ብሎ ተነሳ። የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ እየሄደ ዓይኑን ጨፍኖ ዘንግ ይይዛል፤ ባለሱቁ ጫፉን ነካ ያደርግለታል፤ እሱ ምንም አይሰማውም። «ይሄም ደንዝዟል፤ ሌላ አምጣ።» በመጨረሻ ባለሱቁ ቱግ አለ፤ «አባባ፣ የደነዘዘው ጣትዎ ነው! መርፌ ሲጠቀጥቀው የኖረ ጣት ምን ሊሰማው? ለባለቤትዎ ከሆነ እሳቸውን ያምጧቸዋ!»

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «አንተ፣ ሰው ሳትለካ ኮት ትሰፋለህ እንዴ?» ለሳቁ ስትል መጣች። እኔም ክንዷን ይዤ አብሬ ሄድኩ።

ባለሱቁ በሩ ላይ አስቀምጦ ዘንግ አስያዛት። መርፌው የዘንጉን ክር ጫፍ ይዞ ጎዳናውን ተሻገረና ዳቦ ቤቱ ጋ ቆመ። ፀሐይ ዘንበል ብላለች፤ ክሩ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። አላፊ አግዳሚው ጎንበስ እያለ ከሥሩ ያልፋል፤ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ጎዳናው ውሃ የሆነ መሰለኝ፤ እኛ ዳር ላይ፣ ሰዉ ከሥር እየዋኘ።

መርፌው ሳብ አደረገ። «የሆነ ነገር ጎተተኝ፤ ምን እንደሆነ እንጃ» አለች። ወፍራሙን ዘንግ ስትይዝ ደግሞ «ይሄስ በር እንደመግፋት ነው» አለች። ያኔ ባለሱቁ፣ መርፌው «ደንዝዟል» ብሎ የመለሰውን ቀጭኑን ዘንግ አስያዛት። ቀና አለች።

«ይሄ እሱ ነው።»

«እሳቸው ገና አልሳቡም እኮ፣ እናቴ!» አለ ባለሱቁ።

«አውቃለሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል።» ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው የጀመረው?»

የሸሚዜን ቁልፍ ትከልልኝ ስለው «ነገ፣ ነገ» ሲለኝ የከረመው ለካ ለዚህ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ማወቅ ከማየት ይጀምራል እየተባልኩ ተምሬአለሁ፤ እዚያ በር ላይ ግን ከአንዲት ክርም ሊጀምር እንደሚችል ታየኝ።

«ተሰማሽ?» ብሎ ጮኸ መርፌው ከማዶ።

«ተሰማኝ! ክሩን እንዳትለቀው!»

የክሩን መጠቅለያ ቀስ እያለች ታዞር ጀመር። መርፌውም ጫፉን እንደያዘ፣ መንገደኛውን ይቅርታ እየጠየቀ፣ በጎዳናው መሐል ወደ እሷ መጣ። ሲደርስ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እሑድ ትሉን የምሰካው እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ ዝም ማለቱ ይበቃሃል።»