ያጠብኩት ሳምባ

ነገሩ የሆነው ዓምና፣ የቅበላው የመጨረሻ ቀን ነው። አዲስ ከተማ ልኳንዳ ቤት አለኝ። ሳምባ በእጄ በያዝኩ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ አፍራለሁም።

ማርታ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት በዋዜማው መጥታ፣ «ጋሼ፣ ነገ ከቄራ የመጣ ትኩስ የበሬ ሳምባ ያስቀምጡልኝ» ብላኝ ሄደች። እኛ ዘንድ ሳምባ የሚወስደው ውሻ ያለው ሰው ነው። የተማረ ሰው ውሻ ደግሞ ንጹሕ ነገር ይወዳል ብዬ፣ የውኃውን ጎማ በጉሮሮው ከትቼ በውስጡ ያለው አረፋ እስኪጠፋ አጠብኩላት።

በረዶ የሞላ ሣጥን ይዛ መጣች። «አንዲት አረፋ አልቀረችም» አልኳት እየኮራሁ። ክው አለች።

«ጋሼ፣ እኔ የፈለግኩት እኮ አረፋውን ነበር።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። አየር ስናስወጣ ሳምባችን ተጣብቆ እንዳይቀር የሚያደርገው ያ አረፋ ነው። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች እሱ ስለሚጎድላቸው ይታፈናሉ። እሷ አረፋው ውስጥ ያለውን አንዱን ፕሮቲን የሚያሠራውን የሰው ዘረመል ገልብጣ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብታለች። ባክቴሪያው ሲራባ ዘረመሉም ይባዛል፣ ፕሮቲኑም ይሠራል። በትክክል መሠራቱን የምታውቀው ከበሬ ሳምባ ከሚወጣው ከተፈጥሮው ጋር ስታስተያየው ነው። የእህቷ ልጅ በሰባት ወሩ ተወልዶ፣ በሁለተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሮት ነው የሞተው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሌላ ሳምባ የለኝም፤ በማግስቱ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል፤ ቤቴ እስከ ፋሲካ ሊዘጋ ነው። እሷ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለምን እንደምፈልገው መንገር ነበረብኝ» አለች። እኔ ብሆን ስንቱን በተናገርኩ ነበር።

ሽርጤን አውልቄ መንገዱን ተሻገርኩ። ፊት ለፊቴ ሐጂ ከድር ልኳንዳ አላቸው። የነሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የኛን እነሱ አይበሉም፤ ስለዚህ በዘጠኝ ዓመት ጉርብትና ከሩቅ ሰላምታ በቀር ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም።

«ምነው፣ ቅበላውን እኔ ጋ ልታደርግ መጣህ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ሳምባ ፈልጌ ነው ሐጂ። ብቻ እንዳያጥቡት።»

ነገሩን ስነግራቸው ሳቁን ተዉት። የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን ጾሙን ሙሉ ሲሰጧት ከረሙ።

ከፋሲካ በኋላ ማርታ ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችን፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጥቋቁር ሰረዞች። አንዱ የባክቴሪያው ፕሮቲን፣ አንዱ የሐጂ በሬ ነው። «ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒት ለመሆን ግን ገና ብዙ ይቀረዋል» አለች። ብዙ ይቅረው፤ እኔ እንደ ልጄ ኮራሁባት።

አሁን ጠዋት ጠዋት አንድ ያልታጠበ ሳምባ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ባለፈው አንድ ደንበኛ አይቶት «ይሄ ለውሻ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት፤ «ለጨቅላ ልጆች ነው።»