ሁለተኛው ወረቀት

የተያዝኩት ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ነው። ሁለት ፖሊሶች አስቁመው «ኪፓንዴ» አሉኝ፤ መታወቂያ ማለታቸው ነው። የነበረችኝ በስደተኝነት የተመዘገብኩባት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ እሷም ጊዜዋ አልፏል። አንደኛው ወረቀቷን አገላብጦ አይቶ መለሰልኝና በእጁ ወደ መኪናው አመለከተኝ። አልተጨቃጨቅኩም። ዳቦዬን እንደያዝኩ ገባሁ።

ፖሊስ ጣቢያው ስንደርስ ጫማዬንና ቀበቶዬን ተቀበሉኝ። የክፍሉ በር ሲከፈት የሽንትና የበረኪና ሽታ አንድ ላይ ወጣ። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ጥግ ላይ ባልዲ፣ ከበሩ ትይዩ ከፍ ብላ በብረት የታጠረች ጠባብ መስኮት። ዐሥር ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ ሲሸጡ የተያዙ ኬንያውያን ነበሩ። አንዷ እግሯን ሰብስባ ቦታ ሰጠችኝና «ፖሌ፣ ማማ» አለችኝ፤ አይዞሽ እንደማለት ነው። ዳቦው እዚያው አለቀ።

ከመስኮቷ ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ሐበሻ ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ። አስመራ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። አማርኛውን የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሰው ቤት ሲሠሩ ነው። በኋላ ናይሮቢ መጥተው ኪሊማኒ ሰፈር ልብስ እያጠቡ ይኖሩ ነበር፤ እንደ እኔው ወረቀት አጥተው ተያዙ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ጓለይ» ይሉኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ተኛን።

በሰባተኛው ቀን አንድ መኮንን ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አሳየኝ። በራሴ ፈቃድ ወደ አገሬ ለመመለስ ተስማምቻለሁ ይላል።

«ከፈረምሽ ሰኞ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መኪና አለ» አለኝ። «ካልፈረምሽ ፍርድ ቤት ነው። መቼ እንደሚሆን እኔም አላውቅም። እስከ ዓርብ አስቢበት።»

ማሰብ አላስፈለገኝም። እንደምፈርም ያኔውኑ አውቄ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልነገርኩም።

አገሬ ሳለሁ በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ በየቤቱ እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። አንድ እሑድ አራት ሴቶች ተይዘን ቀበሌ ታሰርን። አራት ወር ቆየን። በመጨረሻ አንድ ካድሬ ወረቀት ይዞ መጣ፦ ከእንግዲህ ከመጤ ሃይማኖት ጋር ግንኙነት የለኝም የሚል። ከመፈረሙ ጋር ግራ እጅን አንስቶ መፈክር ማሰማት ነበረበት የሚፈርም ሰው። እኔ ፈረምኩ። እጄንም አነሳሁ። ሦስቱ ጓደኞቼ እንቢ አሉ። ስወጣ አልወቀሱኝም፤ አንዷ እንዲያውም «ውጭው ብርድ ነው» ብላ ሹራቧን ሰጠችኝ። ከካድሬው ዱላ ይልቅ ያ ሹራብ ጎድቶኛል።

ከዚያ በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ ገባሁ። የአገሬ ሰዎች የሚሰበሰቡባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስለ እምነቷ የታሰረች እህት ብላ ተቀበለችኝ። ዝም አልኩ። መታሰሬ ውሸት አልነበረም፤ እንዴት እንደወጣሁ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። በየእሑዱ ስለ ክርስቶስ መሥዋዕት ሲዘመር፣ እኔ ከተሞተላቸው ሰዎች መሀል የለሁም እል ነበር በልቤ።

ስለዚህ የመኮንኑ ወረቀት ከላይ የተላከልኝ መሰለኝ። ልመለስ፤ ሦስቱ ጓደኞቼ ዘንድ ልታሰር፤ የቀመሱትን ልቅመስ፤ ያኔ እታረቃለሁ ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ከመሸሽ መያዝ ይሻላል የሚያሰኝ ድካም አለ።

ዓርብ ጧት እማማ ነጠላቸውን አጥብቀው አሰሩና ተነሡ።

«ዛሬ ስቅለት ነው» አሉኝ። የኬንያውያኑ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ እኔ ቀኑን ዘንግቼዋለሁ። «እኔ ልስገድ፣ አንቺ ቁጠሪልኝ። ሲደክመኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።»

እኛ ዘንድ ስግደት አይቆጠርም። ለመከራከር ግን አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረኝም። ሴቶቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እግራቸውን ሰበሰቡላቸው። እማማ ወደቁ፣ ግንባራቸውን ሲሚንቶው ላይ አሳረፉ፣ ተነሡ። ጉልበታቸው መሬቱን ሲነካ ድምፁ ይሰማኛል። በየመሀሉ ከንፈራቸው ውስጥ «ክርስቶስ» ይላሉ። እኔ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ መነሣት አቃታቸው። ከብብታቸው ሥር ይዤ ግድግዳው ጋ አስቀመጥኳቸው።

«ስንት ሆነ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ድሮ የዚህን ዐሥር እጥፍ እሰግድ ነበር» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«አይቆጭዎትም፣ ሳይጨርሱ መቅረትዎ?»

«እኔ ነኝ እንዴ የምጨርሰው? እሱ ጨርሶታል። እኔ አመሰግናለሁ እንጂ።»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን፣ መፈክሩን፣ ሹራቡን። ሰኞም እንደምሄድ፣ ለምን እንደምሄድም ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ዓይናቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ በመዳፋቸው ያሹታል።

«እና የእሱ መሰቀል አንሶ አንቺ ልትጨምሪበት ነው?» አሉኝ።

ጉልበታቸውን ማሸት ትተው ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱ የሞተው ላልፈረሙት ብቻ መሰለሽ፣ ጓለይ?»

«ጓደኞቼስ?» አልኩ። «እነሱ እኮ አሁንም እዚያው ናቸው።»

«ብትሄጂ አራት ትሆናላችሁ እንጂ አንዳቸውም አይፈቱም። ጸልዪላቸው።»

ልቤ በራ፣ ሸክሜ ወረደ ብል ደስ ባለኝ። እንዲያ አልሆነም። ድካሙ እንዳለ ነበር። ብቻ ያሰብኩት ነገር ድንገት ባዶ ሆኖ ታየኝ።

ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። መኮንኑ ወንበር ሰጠኝ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬ እንደ ሰው ቀና ሲል ልተኛ ደረስኩ። ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ፤ ብዕሩን ከላይ አስቀመጠ።

«አልፈርምም» አልኩት።

«ለምን? ደክሞሽ የለም እንዴ?»

«ስለደከመኝ ነው። ደክሞኝ ሳለ ከዚህ በፊት አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ።»

 ምን እንደምል የገባው አይመስለኝም። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተና «እሺ፣ ማዳም» አለ። ተነሥቼ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረግሁት። 

ክፍላችን ስመለስ እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። ተቀመጥኩና የሦስቱን ጓደኞቼን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ድምፄን አውጥቼ ጸለይኩ። ከፈረምኩ ወዲህ ስማቸውን በእግዚአብሔር ፊት ጠርቼ አላውቅም ነበር። አፍሬ።  እማማ በየስሙ «አሜን» አሉ።

የእሳቸው አሠሪ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ አስፈታቻቸው። ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም። እኔ አንድ ወር ያህል ቆየሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ወረቀቴን አሳድሰው ፍርድ ቤት አቀረቡልኝና ወጣሁ። የመጀመሪያው እሑድ ከቀበሌው እስር ቤት እንዴት እንደወጣሁ ለጉባኤው ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አላዩኝም። ብዙዎቹ ግን እጄን ያዙኝ። ከጓደኞቼ ሁለቱ ከዓመታት በኋላ ተፈትተው እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን። አንዷ እዚያው ታማ አረፈች።

አሁን የምኖረው ኢምባካሲ ነው። ባለፈው እሑድ፣ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች አንዲት የመዘምራን ልጅ ይህን ታሪክ ሰምታ ወደ እኔ መጣች።

«አንቲ፣ ያኔ በጣም ስትሮንግ ነበርሽ ማለት ነው» አለችኝ።

«አልነበርኩም» አልኳት።

ሌላ ምን ልበላት? ድሮ ጽናት የብርቱ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ብዙ ጊዜ ጸሎት ጀምሬ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።