ግራና ጋራ

ሰሞኑን አንድ ውሃ ሻጭ ጄሪካኖቹን በኩሽኔታ ጋሪ እየጎተተ በደጄ ያልፋል። ብረቱ አስፋልቱን ሲፍቀው የሚያሰማው ጩኸት ጎረቤቶቼን ያናድዳል፤ እኔ ግን መስኮት እከፍትለታለሁ። ወዲያው ጅማ ትመጣብኛለች። ግሪስ፣ በጤዛ የራሰ አስፋልት፣ የተሰጣ ቡና ይሸተኛል።

የልጅ ልጄ ጎካርት የሚሉትን ትንሽ የውድድር መኪና ነድቶ መጥቶ ሲያወራልኝ፣ እኛም እኮ ነበረን አልኩት። ሞተሩ ግን ሰው ነበር።

ሁለት ነበርን። እኔ የኩሽኔታ ጋሪያችን ጣውላ ላይ ተቀምጬ የፊተኛውን እንጨት በእግሬ እያዞርኩ እነዳለሁ። የጎረቤታችን የቡና መኪና ሹፌር ልጅ ከኋላ እየገፋ ይሮጣል፤ ቁልቁለቱ ሲይዘን ዘሎ ይሳፈርና ትከሻዬን ይዞ ይቆማል። ገፊዬ እለው ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ ሰው ገፊ ይባላል ወይ፣ የልጁን ዕድል ልታበላሺ ነው ወይ እያለች ትቆጣኝ ነበር። ሴት ልጇ ተንፈራጥጣ አስፋልት ላይ መታየቷ ደግሞ ከዚያ የባሰ ያንገበግባት ነበር።

እሁድ እሁድ ከጅሬን በኩል ወደ ገበያው በሚወርደው አስፋልት ላይ እንወዳደራለን፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት የወፍጮ ቤቱ ልጆች ናቸው። ያ እሁድ ግን ለእኔ የመጨረሻው ነበር። አባቴ ወደ ደሴ ተዛውሮ ዕቃችን መታሰር ጀምሯል። ከጅማ ሳልወጣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ቀድሜያቸው ብገባ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ገፊዬም ይህን ስለሚያውቅ ኩሽኔታዎቹን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ አዲስ ግሪስ ቀብቶ አመጣቸው።

ዝቅ ብዬ ስለምቀመጥ መንገዱን የሚያይልኝ እሱ ነው። ግራ ወይም ቀኝ ብሎ በአማርኛ እንዲጮህልኝ ተስማምተናል፤ እኔ ከኦሮምኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር። ያን ቀን መታጠፊያው ጋ ሳንደርስ ቀደምናቸው። የኩሽኔታቸው ጩኸት ከኋላችን እየራቀ ሲሄድ ደስታዬ ሊያፍነኝ ደረሰ። ድንገት ገፊዬ አንድ ነገር አይቶ ደነገጠና የእናቱ ቋንቋ አፉ ላይ መጣ።

"ጋራ ሚርጋ! ጋራ!"

እኔ የሰማሁት ግራ ነው። በሙሉ ልቤ ወደ ግራ ዞርኩና፣ አንድ ሽማግሌ የመንገዱን ግማሽ ይዘው ያሰጡት ገና ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ውስጥ ገባን። የወፍጮ ቤቱ ልጆች እየሳቁ አለፉን።

"ጋራ አልኩሽ እኮ" አለኝ ክርኑን እያሻሸ።

"ታዲያ ግራ ሄድኩ አይደል?"

ሽማግሌው ሊቆጡን መጥተው ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ጋራ ሚርጋ እኮ በኛ ወደ ቀኝ ነው።"

ሳቁ ግን አላዳነንም፤ ቡናቸውን አንድ በአንድ አስለቀሙን። ፀሐይዋ ጀርባችንን እያሞቀችው፣ ከተበተነው ጀንፈል ጣፋጭ ሽታ እየመጣ፣ ከቡናው ውስጥ ጠጠር ስንለቅም ዋልን። መጀመሪያ ሽንፈቱ አንገብግቦኝ አለቀስኩ። ኋላ ግን ያ ቀን ባይመሽ ብዬ ተመኘሁ። ወደ ቤት በእናንተ ምንድነው ስለው "ጋራ መና" አለኝ። ወደ ገበያስ? "ጋራ ገባ።"

"ወደ ደሴስ?" አልኩት።

ጠጠሩን መልቀም ቀጠለ።

ይናፍቀኛል። ሁልጊዜ ከኋላዬ ስለነበር ፊቱ እየደበዘዘብኝ ነው፤ ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጁ ግን አልጠፋኝም።

የሄድን ዕለት እኔ የጭነት መኪናው ላይ፣ ከፍራሾቹ ጋር ተቀመጥኩ። ገፊዬ ሊሰናበተኝ መጣ። መኪናው ሲነሳ ሁለት እጁን የኋላው ስፖንዳ ላይ አድርጎ፣ እንደ ኩሽኔታችን እየገፋ መሮጥ ጀመረ። መኪናው ፈጠነ። እሱ ዘሎ የሚሳፈርበት ጊዜ ደርሶ ነበርና፣ ሳላስበው ፍራሹ ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁለት።