«ሰው የለኝም» ብዬ የተውኩት ሥራ

ከጉለሌ የወጣሁበት ምሽት ይዘንብ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ተጨናንቆ፣ እናቴ ዳቦ እየቆረሰች፣ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ከዚፑ ጋር እየታገልኩ ሳለሁ፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ መኮንን ጠጋ አሉኝ። «ሰናይት፣ እዚያም ቢሆን ያለ ሰው ሥራ አይገኝም። መጀመሪያ ሰው ፈልጊ» አሉ። ምክራቸውን እንደ ስንቅ ይዤ ወጣሁ። ስለ ሙያው ግን ሥጋት አልነበረብኝም፤ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለዓመታት ችግኝ ሳፈላ ነው የኖርኩት።

ባለቤቴ ዳዊት ቀድሞኝ ሄዶ፣ ጀርመን አገር ሽቱትጋርት አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ስለ ብርዱ አልነግራችሁም፤ የእንጦጦን ጠዋት የለመደ ሰው በብርድ አይደነግጥም። የገረመኝ ቲማቲሙ ነው፤ ቀይ ነው፣ ክብ ነው፣ ጣዕም የሚባል ነገር ግን አልደረሰውም።

ቋንቋውን ተማርኩ፣ ዲፕሎማዬን አስተርጉሜ አጸደቅኩ፣ ከዚያ አበባና ችግኝ ወደሚሸጡ ድርጅቶች ማመልከት ጀመርኩ። በየመልሱ ውስጥ «ላይደር» የሚል ቃል አለ፤ «ያሳዝናል» እንደ ማለት ነው። እኛ አገር «እንደውልልሻለን» ብለው ይረሱሻል። እነዚህ ግን «የተከበሩ ወይዘሮ» ብለው ጀምረው፣ መልካም ዕድል ተመኝተው ነው የሚሸኙሽ። ሲከለክሉ እንኳ እርስዎ ይላሉ።

ብዙም አልከፋኝም። ሰው ስለሌለኝ ነው አልኩ። የአለቃው የእህት ልጅ ገብታበት ይሆናል፣ አለዚያም የሒሳብ ሹሟ ጎረቤት። ስለዚህ ሰው ፍለጋ ተነሣሁ፤ የጀመርኩትም ከታችኛው ፎቅ፣ ከአከራያችን ከፍራው ክሩገር ነው፤ «ፍራው» ወይዘሮ ማለት ነው።

«አበባ ቤት የሚሠራ ሰው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አዎ፣ የወንድሜ ልጅ አለ።»

«እንግዲያው አንድ ቃል ይናገሩልኝ። ‹አውቃታለሁ› ይበሉልኝ።»

«ግን አላውቅዎትም።»

«ፍራው ክሩገር፣ እርስዎ ራስ ላይ እኮ ነው የምኖረው።»

«እሱን አውቃለሁ። ሲራመዱ ይሰማኛል።»

በማግስቱ በራፌ ላይ ለስላሳ የቤት ጫማ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ።

ከዚያ አንድ ትልቅ የአትክልት መደብር ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሥራው ችግኝ መንከባከብና ደንበኛ ማማከር ነው፤ በልኬ የተሰፋ ይመስላል። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቶቼን አገላብጣ «ሁሉም ተሟልቷል» አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደንበኞቻችን በዕድሜ የገፉ ናቸው። እንደ እርስዎ ከውጭ ከመጣ ሰው ምክር መስማት አይወዱም። ለእርስዎ አስቤ ነው፤ መጋዘን ይሞክሩ።»

እኔስ ምን አደረግኩ? እጇን በሁለት እጄ ይዤ አመሰገንኳት። እኛ ሰፈር ፊት ለፊት የሚነግርሽ ሰው የሚያዝንልሽ ሰው ነው፤ ሌላው ያመላልስሻል። እኔም ይቺ ሴት አዘነችልኝ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ላይደር ያለበት ደብዳቤ እንደተለመደው መጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ያው መደብር ያንኑ ማስታወቂያ እንደገና አወጣ። የነቃሁት ያኔ ነው። የእህት ልጅ ገብታበት ከሆነ ቦታውን ምን ክፍት ያደርገዋል? ማንም አልቀደመኝም፤ ባዶ ቦታ ነው ከእኔ የተመረጠው። ንድድ አለኝ። በማግስቱ በሥራ ቅጥር አድልዎ የደረሰባቸውን ወደሚያማክር ቢሮ ሄድኩ።

የተቀበለችኝ ኤሊፍ የምትባል፣ ወላጆቿ ከቱርክ የመጡ ወጣት ናት። የእምቢታ ደብዳቤዎቼን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩና «ይኼ ሁሉ አድልዎ ነው?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል፤ ብዛቱ ብቻውን ግን አያስረዳም። የተሻለ ሰው ቀጥረውም ይሆናል። እኔ የምፈልገው ምልክት ነው፦ የተናገሩት ነገር፣ ሙያው ከእርስዎ ያነሰ ሰው መቅጠራቸው፣ ቦታው ክፍት ሆኖ ሳለ እርስዎን መመለሳቸው።»

የመደብሩን ታሪክ ነገርኳት። ብዕሯን አነሣች።

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«አመሰገንኳት።»

«አመሰገኗት?»

«አጥብቄ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገችና ሌሎቹን ደብዳቤዎች ወደ እኔ ገፍታ ያንን አንዱን አስቀረች። «በእነዚያ የምንይዘው ነገር የለም፤ በዚህ ግን አለ። ማመስገንዎ መብትዎን አያጠፋውም። የጊዜ ገደብ ስላለው ግን አቤቱታውን ዛሬውኑ በጽሑፍ እናዘጋጅ» አለችኝ።

ማታ ዳዊት ተጨነቀ። «ከተማዋ ትንሽ ናት። ከሳሽ ናት ከተባልሽ ማን ይቀጥርሻል?»

«አሁንስ ማን ቀጠረኝ?» አልኩት። ጠዋት አቤቱታውን ፈርሜ ላክሁት። እንደዚያን ቀን ኮርቼ የተራመድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ፍራው ክሩገርም ሳይሰሙኝ አልቀሩም። እናንተም በሰው አገር ያላችሁ፣ ሲመልሷችሁ «ለምን?» በሉ፤ የተባላችሁትንም ሳትረሱት ጻፉት። እኔ መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ስለነበር ብዙ ቀረብኝ።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ከጀርባዋ የአዲሱ ገበያ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ጎሽ የኔ ልጅ። ሲፈረድልሽ ሥራውን ይሰጡሻላ?»

«ሥራውን እንዲሰጡኝ ሕጉ አያስገድዳቸውም፣ እማዬ። ከተፈረደልኝ ካሳ ነው።»

«እና አንቺ ምን ልትተክዪ ነው?» አለችኝ።

ጥፍሬን አየሁት። ከጉለሌ ከወጣሁ ወዲህ አፈር ገብቶበት አያውቅም።

«ገና ነው፣ እማዬ» አልኳት።